«ቴራፒ ያስፈልገዋል» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች በብዛት የተደጋገመው ይኼ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄን ኦቲዝም አለበት አሉኝ። ቴራፒ የት አገኛለሁ?» ጥያቄው አጭር ነው። መልሱን ግን በሁለት መስመር ልመልሰው ስላልቻልኩ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ደቅን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው፣ የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ያለበት። ከዚያ ባሕር ዳር ለመድረስ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሐይቁ ከተናወጠ ደግሞ ጉዳዩ ሁሉ ለነገ ያድራል። ከዚያ የመጣች አንዲት እናት (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ልጁ አይናገርም። ስሙ ሲጠራ አይዞርም። የእናቱን ነጠላ ጥለት በጣቱ እያሻሸ ለራሱ ያንጎራጉራል። እናትየዋ ሌላ ቦታ የተጻፈላትን የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። «ኦቲዝም። ቴራፒ ያስፈልገዋል።» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተርየ፣ ይኼ ቴራፒ የሚሉት መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ ነው ያለ? ባሕር ዳርን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ ሁሉም የለም አሉኝ።»

እንዳትስቁ። ሐኪም በወረቀት የጻፈው ነገር ፋርማሲ ይገኛል ብላ ማሰቧ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሆነ። ልክ ያልሆነው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራት ወረቀቱን ብቻ ተሸክማ መሄዷ ነው። የዛሬው አቋሜም ይኼ ነው፦ ለኦቲዝም ልጅ ወላጅ «ቴራፒ ያስፈልገዋል፣ አዲስ አበባ ውሰዱት» ብሎ መሸኘት ምክር አይደለም፣ ከበር መመለስ ነው። ቤተሰቡ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ዛሬ ማታ የሚጀምረው አንድ ነገር ይዞ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ ግን ኦቲዝም ምን እንደሆነ እንግባባ። ኦቲዝም ልጁ ሲወለድ ጀምሮ አእምሮው የሚያድግበት መንገድ የተለየ መሆኑ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት፣ የሚጫወትበት፣ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ንክኪንና ጣዕምን የሚቀበልበት መንገድ ይለያል። አንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው እየተናገረም ጨዋታ አይገባውም፤ ሌላው ደግሞ ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ ጫማውን ማድረግ አይችልም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረው። ስለዚህ በእናንተ ቀበሌ የለም ከተባለ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ልጃችሁ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ተኩል «ያንን እይልኝ» ብሎ በጣቱ የማይጠቁም ከሆነ፣ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት ከነበሩ በኋላ ጠፍተውበት ከሆነ፣ አትጠብቁ። «አባቱም በአምስት ዓመቱ ነው የተናገረው»፣ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» የሚለው ወሬ ስንት ልጅ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት እንዳባከነ እኔ በየሳምንቱ አያለሁ። እውነት ዘግይቶ የሚናገር ልጅ አለ፤ ግን እሱ በዓይኑ ያወራችኋል፣ በእጁ ይጠቁማችኋል፣ ስትስቁ ይስቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ፦ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ የማይሰማ ልጅም ሊሆን ይችላል። መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝም ነው ተብሎ ዓመታት ቢቀመጥ ትልቅ በደል ነው።

ወደ ምክንያቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ እናቶች ይገረፋሉ። በእኛ አገር ቡዳ በላው፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ የአባቷ እርግማን ነው፣ እርጉዝ እያለች ወንዝ ተሻግራ ነው ይባላል። ይኼ የእኛ ኋላቀርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ከገለጸ በኋላ፣ እዚያም ለብዙ ዓመታት የተማሩ ሰዎች «እናትየዋ ፍቅር የሌላት ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው» ሲሉ ኖረዋል። ማቀዝቀዣ እስከማለት ደርሰው ነበር! ያ ሁሉ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ የምናውቀው ትልቁ ድርሻ በዘር ውርስ የሚመጣ መሆኑን ነው፤ ከዚያ ውጭ የወላጆች ዕድሜ፣ ያለጊዜ መወለድና የመሳሰሉት ተጨምረው ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። እናት በልታ፣ ጠጥታ፣ ተናዳ ወይም ሥራ ሄዳ ያመጣችው ነገር አይደለም።

ክትባትም አያመጣውም። ይኼ ወሬ የተነሣው በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በታተመ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ያተመው መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሽሮታል፣ ጸሐፊው ሐኪምም የሙያ ምዝገባውን ተነጥቋል። የኩፍኝ ክትባት ያስቀራችሁበት ልጅ ግን በኩፍኝ ሊሞት ይችላል። ስልክም ቢሆን ኦቲዝም አያመጣም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የተተከለ ልጅ ከሰው ጋር የሚለማመድበትን ሰዓት ያጣል፣ ስለዚህ ቀንሱት።

ሐፍረቱ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 አሳዳጊዎች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከመካከላቸው 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራት አንድ የሚሆኑት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ ይጥሩ ነበር። ምን እንደጎደላቸው ሲጠየቁ አብዛኞቹ፣ ከአራት ሦስት ገደማ፣ ያነሡት መድኃኒትን አልነበረም፤ ትምህርትን ነው። ሆስፒታል ድረስ የመጡት እንኳን እንዲህ ካሉ፣ ያልመጡት ምን እንደሚሉ አስቡት።

ስለ ጠበል ደግሞ በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜም «ዶክተር እንዳትቆጪ» ብላችሁ። ለምን እቆጣለሁ? ጠበልና ሕክምና የግድ አይጣሉም፤ አንዱን ምረጡ የሚላችሁን ሰው አትስሙት። እኔ የምለምናችሁ ልጁ እንዳይታሰር፣ እንዳይመታ፣ በግድ እንዳይጾም ነው። የሚጥል በሽታም ካለበት (ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይታያል) መድኃኒቱ በፍጹም እንዳይቋረጥ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ተከታታይ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል። በተረፈ ብዙ ሕዝብ፣ ጩኸትና ድንገት የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለእነዚህ ልጆች እጅግ ከባድ ነው። ሰው ባልበዛበት ሰዓት ውሰዱት፤ ካህናቱን ብታስረዷቸው አብዛኞቹ ይረዷችኋል። ልጁ ሲጮኽም «ሰይጣኑ ለፈለፈ» ለማለት አትቸኩሉ፣ በርዶት ይሆናል።

የምቆጣው ሌላ ቦታ ነው። «ኦቲዝምን እናድናለን» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ መርፌ፣ ሽሮፕ፣ «ከሰውነት ብረት የሚያወጣ» መድኃኒት፣ ውጭ አገር የሚሰጥ የስቴም ሴል ሕክምና የሚሸጡ አሉ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ቤት አስይዞ፣ ከዘመድ ዶላር ለምኖ ይከፍላቸዋል። ግልጽ ልንገራችሁ፦ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ብረት ያወጣሉ የተባሉት መድኃኒቶች ልጅ ገድለዋል። ልጁ ራሱን ክፉኛ የሚመታ፣ ሰው የሚነክስ ወይም ሌሊት ጨርሶ የማይተኛ ከሆነ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱም ችግሩን ያበርዳሉ እንጂ ንግግር አያመጡም። ይህንን በግልጽ ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ነጭ ጋዋን ቢለብስም ጥላችሁ ውጡ።

ታዲያ ማዕከላቱስ? አዎ፣ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች፤ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ ራሷ ከፈተችው። በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ «ኦቲዝም» የሚለው ቃል በአገራችን ቴሌቪዥን እንዲሰማ ከእሷ በላይ የደከመ ሰው አላውቅም። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ነው የተመሠረተው። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ይሠራሉ፣ ግን ተራ የሚጠብቀው ልጅ ከሚማረው ይበልጣል። እንኳን ከደቅ፣ ከኮልፌ የሚመጣም ቦታ አያገኝም። መንገዱ በማይታመንበት በዚህ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ሥራውንና ሌሎች ልጆቹን ትቶ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለወራት ተራ ይጠብቅ ማለት፣ ለእኔ ምክር አይመስለኝም።

ልብ በሉልኝ፣ ማዕከል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቴራፒ ማለት ግን ሕንፃ አይደለም። ልጁን በሚገባው መንገድ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ ማስተማር ነው። የሠለጠነ ሰው ሲመራው እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም ልጁ ባለሙያ ጋ የሚቆየው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ የቀረው ከእናንተ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን አስቦ የእድገት ችግር ያለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው አሳዳጊዎች ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ስፔሻሊስት መሆን ሳያስፈልግ፣ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ እንዲሰጠው ተደርጎ የተሠራ ነው። በአገራችንም ተሞክሯል። እኔ ለወላጆች የምነግረው ከዚያው መንፈስ የተቀዳ ነው።

ለምሳሌ ቡና እየተፈላ ነው። ልጁ ሲኒ መደርደር ይወዳል፣ ሌላ ነገር አያይም። ሲኒውን አትንጠቁት። ከሰሉንና ጀበናውን ራቅ አድርጉና አጠገቡ፣ ፊቱን በምታዩበት በኩል ቁጭ በሉ። እሱ አንድ ሲያስቀምጥ እናንተም አንድ አስቀምጡ። «ሲኒ» በሉ፣ በቃ። «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ይኼ ምንድን ነው፣ ንገረኝ እስቲ፣ ለእማዬ በል» የሚለው ጎርፍ ለእሱ ጫጫታ ነው። የማይናገርን ልጅ በአንድ ቃል አናግሩት፤ አንድ ቃል ካለው በሁለት። «ሲኒ» ካለ «ሲኒ ስጪ»። ቀስ ብሎ ተራ ይገባዋል፦ የእኔ፣ ያንተ፣ የእኔ። ይኼ ጨዋታ ይመስላል፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ውኃ ሲጠማው እጃችሁን ጎትቶ ጀሪካኑ ጋ ይወስዳችኋል እንበል። ወዲያው ቀድታችሁ አትስጡት። ኩባያውን በፊታችሁ ትክክል ያዙና «ውኃ» በሉ፣ ትንሽ ጠብቁ። ዓይኑን ካነሣ፣ ከጠቆመ ወይም «ው» ካለ ወዲያውኑ ስጡት። እስኪያለቅስ ግን አታስጠሙት፤ ፈተና አይደለም። ሙዝና ዳቦ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ የቱን እንደሚፈልግ በእጁ እንዲመርጥ አድርጉ። እጁን የዘረጋ ልጅ ተናግሯል ማለት ነው። ንግግር ከምልክት በኋላ ይመጣል፣ ምልክት ማስተማር ንግግርን ያስቀራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም።

ልብስ መልበስ ስታስተምሩ ከመጨረሻው ጀምሩ። ሱሪውን እናንተ አልብሱት፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ ያቺን የመጨረሻዋን መሳብ ለእሱ ተዉለት፣ «ጎበዝ!» በሉት። ከሳምንት በኋላ ከጉልበቱ ይስብ። ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ በማንኪያ መብላት፣ ሁሉም እንዲሁ ይቆራረሳል።

ሲጮኽና ራሱን መሬት ላይ ሲጥል ብልግና ነው ብላችሁ አትገርፉት። ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ከዚያ በኋላስ ምን አገኘ? ለሁለት ሳምንት በወረቀት ጻፉት። ሰርግ ቤት ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ከሆነ፣ የድምፅ ነገር ነው፣ ጆሮውን ሸፍናችሁ አውጡት። ሁልጊዜ ስልክ ስትቀሙት ጮኾ መልሶ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ፣ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ። (ይኼንን ለአያቶች አንብቡላቸው።) ድንገት የጀመረው ከሆነ ጥርሱን፣ ጆሮውንና ሆዱን አሳዩ፤ የማይናገር ልጅ ሕመሙን የሚነግራችሁ እንዲህ ነው።

አሁን ጣና ዳር ለምንኖር ሁሉ የምለው አለኝ፣ እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድንገት ከቤት ይወጣሉ፣ አደጋንም አይገምቱም። ብዙዎቹ ደግሞ ውኃ ይስባቸዋል፤ ብልጭታው፣ ድምፁ፣ ንክኪው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህን ልጆች ከሚገድሉ ነገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ መስጠም መሆኑን አሳይተዋል። እዚያ የሚያሰጉት የመዋኛ ገንዳዎች ናቸው፤ እኛ ያለን በሩ ላይ የሚጀምር ሐይቅ ነው። በደቅና በዘጌ ልጅ ገና በጠዋቱ ታንኳ መቅዘፍ ስለሚለምድ «የእኛ ልጅ ውኃ ያውቃል» ይባላል። ይኼኛው ልጅ ግን ስትጠሩት አይመለስም፣ ሲሰጥምም «ድረሱልኝ» አይልም።

ስለዚህ በራችሁ ላይ ልጁ የማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ አድርጉ። በሩ ላይ ትንሽ ቃጭል ብታንጠለጥሉም አይከፋም። ጎረቤቱን፣ ልብስ አጣቢዎቹን፣ ጀልባ ነጂዎቹን፣ አሳ አጥማጆቹን ልጁን አሳዩአቸው፦ «ይህ ልጅ አይናገርም፤ ብቻውን ካያችሁት ያዙልኝ» በሏቸው። ለዚህ ነው መደበቅ የሚጎዳው፤ ሰፈሩ የማያውቀውን ልጅ ሰፈሩ አይመልሰውም። ከጠፋ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው፤ ጎረቤት ቤት የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ጀልባ ላይ ስትሳፈሩም ሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፣ በልጅ ልክ ከሌለ ከጀልባው ጠርዝ አርቃችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት።

ይኼን ሁሉ ስናገር አንዲት እናት እንድትሸከመው እንዳይመስላችሁ። አባቶች፣ ይኼ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። በክሊኒክ የማያቸው አብዛኞቹ ልጆች የሚመጡት በእናታቸው ብቻ ነው፤ አንዳንዷ ባሏ «ከኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ጥሏት የሄደ ናት። የዘር ነገር ከተነሣ ከሁለቱም ወገን ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ልጁን ተቀብላችሁ እናትየው እንድታርፍ ማድረግ ከማንኛውም ሽሮፕ ይበልጣል። እናትየዋ እንቅልፍ ካጣች፣ ሁልጊዜ የምታለቅስ ከሆነ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለች እሷም ታካሚ ናት፣ ይዛችኋት ኑ።

መንግሥትንም ዝም ብዬ አላልፍም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስለ አካታች ትምህርትም ስትራቴጂ ተጽፏል። ልጁን ይዘው የሄዱ ወላጆች ግን ዛሬም «ሌሎቹን ይረብሻል» ተብለው ከትምህርት ቤት በር ይመለሳሉ። በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም ኦቲዝም ቀን ሲከበር ሰማያዊ ቲሸርት እንለብሳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፤ መጋቢት 25 ልጁ እዚያው ቤቱ ነው። እኔ ትልቅ ሕንፃ አልጠይቅም። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት አንድ ክፍል፣ ከላይ ያልኩት የአሳዳጊዎች ሥልጠና በተራ የሚሰጥበት፣ ይበቃል ለመጀመር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ተመራቂዎቹ ሥራ እዚህ ክልል ውስጥ እንዲያገኙ መደብ ይከፈትላቸው። በደሴቶቹና በገጠር ቀበሌ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ልጅ ሊያስከትቡ የሚመጡ እናቶችን «ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? በጣቱ ይጠቁማል?» ብለው እንዲጠይቁ ይሠልጥኑ። ይኼ ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

እስከዚያው ግን ልጃችሁን ለማሳየት ወደ ከተማ የምትመጡ ከሆነ በባዶ እጅ አትምጡ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን የልጆች ሕክምናና የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በሁለቱም እንዲታይ ጠይቁ፣ የጆሮ ምርመራውንም ሪፈር አስጽፉ። የክትባት ካርዱን ያዙ። ስንት ቃል እንደሚናገር፣ መቼ እንደቆመና መቼ እንደሄደ፣ ተንዘፍዝፎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያጣው ነገር ካለ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ፤ መጻፍ ካልቻላችሁ ትልቁ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። ከጀልባ ወርዶ የደከመና የፈራ ልጅ በምርመራ ክፍል እውነተኛ ጠባዩን አያሳይም። ስለዚህ ቤቱ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስሙ ሲጠራ በስልክ ቀርጻችሁ አሳዩን። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።